የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን፦ ያለቀው ሸራው ነው ወይስ የደከመው ሞላው?

በአገራችን በገጠርም በከተማም ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች እየተበራከቱ መምጣታቸው ይታወቃል። የግብርና ባለሙያው ወደ ቀበሌ የሚወርደው፣ የጤና ሠራተኛው ክትባት ይዞ ዳገት የሚወጣው፣ ብዙ ወጣትም የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በእነዚሁ ነው። ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ብዙ ከሚለፉት አንዱ ፍሪሲዮን ሲሆን፣ ሲበላሽም ባለቤቱን ለወጪ ይዳርጋል። “ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ሸራ ይቀየር” የሚለው ፍርድ በየጋራዡ ይሰማል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ገና ያላለቀ ሸራ ይጣልና ዋናው ችግር ሳይነካ ይቀራል፤ ባለሞተሩም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ጋራዥ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፋችን ሸራ እንዴት እንደሚቀየር ብቻ ሳይሆን፣ ከመቀየሩ በፊት ምን መመርመር እንዳለበትና ምክንያቱ ምን እንደሆነ በፊዚክስ ዓይን ለማየት እንሞክራለን።

ቃሉ ራሱ ብዙ ይነግረናል። ፍሪሲዮን ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ሰበቃ ወይም ፍትጊያ ማለት ነው፤ የመሣሪያውም ስም ይኸው ነው። ካምቢዮን፣ ፍሬንን፣ ሞላንና ዳዶን ያወረሰን የጋራዥ ጣሊያንኛ፣ እዚህ ላይ የመሣሪያውን ምሥጢር በስሙ ውስጥ አስቀምጦልናል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ኃይልን የሚያሻግር ጥርስም ሆነ ብሎን የለም። ኃይሉ ሁሉ የሚያልፈው እርስ በርስ ተጣብቀው በሚፋተጉ ሰሌዳዎች ብቻ ነው።

ሥራውም ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ማስታረቅ ነው። የነዳጅ ሞተር ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1,000 ዙር እጅግ ዝቅ ካለ ይጠፋል፤ ጎማው ግን ከዜሮ መነሣት አለበት። ስለዚህ በሚዞረውና በቆመው መካከል ለጥቂት ሰከንዶች እየተንሸራተተ ቀስ በቀስ የሚይዝ፣ ከያዘ በኋላ ደግሞ ጨርሶ የማይንሸራተት መሣሪያ ያስፈልጋል። መንሸራተትም አለመንሸራተትም የአንዱ መሣሪያ ግዴታ መሆናቸው ነው ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የሲጂ 125 ዓይነት ሞተርን እንውሰድ። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ በቻይና የሚሠሩ ቅጂዎቹ በልዩ ልዩ የንግድ ስም በብዙ አገሮች ተሰራጭተዋል። በሞተሩ ቀኝ በኩል ካለው ሽፋን ሥር፣ ዘይት ውስጥ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ክብ ቤት ይገኛል። ይህ የውጭ ቤት በጥርስ አማካይነት ከሞተሩ ዘንግ ጋር ስለተያያዘ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል። በውስጡ ያለው ማዕከል ደግሞ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ታስሯል። በሁለቱ መካከል ቀለበት የሚመስሉ ሰሌዳዎች በየተራ ተደርድረዋል። ሸራ የምንላቸው በሁለቱም ገጾቻቸው የሰበቃ ልባስ የተለጠፈባቸው ሰሌዳዎች ናቸው፤ በውጭ ጠርዛቸው ባሉት ጆሮዎች ከውጭው ቤት ስንጥቆች ጋር ይያያዛሉ። ልባስ የሌላቸው የብረት ሰሌዳዎች ደግሞ በውስጥ ጥርሶቻቸው ማዕከሉን ይይዛሉ። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ ሸራዎቹ 5፣ ብረቶቹ 4 ናቸው። ይህን ድርድር አራት ሞላዎች በግፊት ሰሌዳ አማካይነት አጥብቀው ይጫኑታል። አሽከርካሪው እጀታውን ሲጨብጥ የሞላዎቹ ግፊት ከሰሌዳዎቹ ላይ ይነሣል፤ ሲለቅ ይመለሳል።

በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን አንድ ትልቅና ደረቅ ሸራ ብቻ ነው። ሞተር ብስክሌት ግን ለዚያ የሚበቃ ቦታ የለውም። ስፋት ሲጠፋ ብዛትን መጠቀም የቆየ ዘዴ ነው፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሄል-ሾው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዘይት የተነከረና ብዙ ሰሌዳ ያለው ፍሪሲዮን ሠርቶ ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ “ዘይት ሰበቃን የሚቀንስ ሆኖ ሳለ፣ በሰበቃ የሚሠራ መሣሪያ ስለ ምን በዘይት ይነከራል?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ሙቀት ነው። ሰሌዳዎቹ በሚንሸራተቱባቸው ሰከንዶች የሚፈጠረውን ሙቀት የሚወስድላቸው ዘይቱ ነው። ለዚህም የሚከፈል ዋጋ አለ፤ የሰበቃው መጠን ከደረቅ ሸራ በብዙ ያንሳል፤ ጉድለቱም በሰሌዳዎቹ ብዛት ይካካሳል። በሸራው ገጽ ላይ የሚታዩት ቦዮች ዘይቱ በግፊት ጊዜ ቶሎ እንዲሸሽና ልባሱ ብረቱን እንዲያገኝ መንገድ የሚሰጡ ናቸው።

አራት ቁጥሮች ብቻ

ፍሪሲዮን ሳይንሸራተት ሊያስተላልፍ የሚችለው ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ የአራት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ የሰበቃ ኮኤፊሸንት፣ የሚፋተጉት ገጾች ብዛት፣ የሞላዎቹ ጠቅላላ ግፊትና የሸራው አማካይ ራዲየስ። ለስሌት እንዲያመቸን ለአንድ የ125 ሲሲ ሞተር የሚቀራረቡ ቁጥሮች እንምረጥ። ሸራዎቹ 5 ስለሆኑና እያንዳንዱ ሁለት ገጽ ስላለው የሚፋተጉት ገጾች 10 ናቸው። በዘይት ውስጥ ያለውን ኮኤፊሸንት 0.12፣ አማካይ ራዲየሱን 4.5 ሳንቲሜትር፣ የእያንዳንዱን ሞላ ግፊት 280 ኒውተን እናድርግ። የአራቱ ሞላዎች ድምር 1,120 ኒውተን ይሆናል። ብዜቱ ሲሠራ ፍሪሲዮኑ ወደ 60 ኒውተን ሜትር ሊሸከም ይችላል። ሞተሩ በዘንጉ ላይ 10 ኒውተን ሜትር ያህል ቢሰጥና በመጀመሪያው ጥርስ አራት እጥፍ ቢሆን፣ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚደርሰው 40 ነው። ፍሪሲዮኑ አዲስ ሳለ ከሚጫንበት የአንድ ተኩል እጥፍ አቅም አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሸራው ሲሳሳ ከአራቱ ቁጥሮች የትኛው ነው የሚለወጠው? የገጾቹ ብዛት ያው 10 ነው። ራዲየሱ አልተለወጠም። ልባሱ እስካልተቃጠለ ወይም እስካልተነደለ ድረስ ኮኤፊሸንቱም ያው ነው፤ ቀጭን ሸራ ከወፍራም ሸራ ያነሰ አይፋተግም። የሚለወጠው የሞላው ግፊት ነው። አምስቱ ሸራዎች እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊሜትር ቢሳሱ፣ ድርድሩ በጠቅላላው 1.5 ሚሊሜትር ይቀጥናል፤ ሞላዎቹም ያን ያህል ይዘረጋሉ። አንድ ሞላ በአንድ ሚሊሜትር 25 ኒውተን የሚለዋወጥ ቢሆን፣ እያንዳንዱ 37.5 ኒውተን ያጣል፤ የፍሪሲዮኑም አቅም ከ60 ወደ 52 ይወርዳል። አሁንም ከ40 በላይ ነው፤ ገና አይንሸራተትም።

ነገር ግን ሞላው ራሱ በሙቀትና በዕድሜ ደክሞ ነጻ ርዝመቱ በ1 ሚሊሜትር ቢያጥርስ? አቅሙ ወደ 47 ይወርዳል። በዚህ ላይ ባለሞተሩ ለሞተር ብስክሌት ያልተዘጋጀ፣ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ያለበት ዘይት ቢጨምርና ኮኤፊሸንቱ ከ0.12 ወደ 0.09 ቢያሽቆለቁል፣ አቅሙ 35 ብቻ ይሆናል። አሁን ከ40 አነሰ፤ ፍሪሲዮኑም ዳገት ላይ ያንሸራትታል። በዚህ ቀን ጋራዥ የገባ ሰው ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ሦስቱም ናቸው ከማለት በስተቀር መልስ የለውም። ሸራው ብቻ ተቀይሮ የደከመው ሞላና ያ ዘይት ባሉበት ቢቀሩ፣ በዚሁ ስሌት መሠረት አቅሙ ወደ 41 ብቻ ይመለሳል። ሞተሩ ለጥቂት ቀናት ደህና የመሰለው፣ በኋላም እንደገና የከዳው ለዚህ ነው።

መንሸራተት አንዴ ከጀመረ ራሱን እየመገበ ያድጋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ እናስብ። ከድልድዩ እስከ ደጋው ጫፍ ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ብስክሌት በጠቅላላው 260 ኪሎ ቢመዝን፣ 1,000 ሜትር ለመውጣት ብቻ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በእነዚያ ዐሥር ገጾች በኩል ነው። ከሚያልፈው ውስጥ አንድ ዐሥረኛው እንኳ በመንሸራተት ቢባክን፣ የሚፈጠረው ሙቀት ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። አራቱ የብረት ሰሌዳዎች በአንድነት ከግማሽ ኪሎ በታች ናቸው። ዘይቱ ሙቀቱን ባይወስድላቸው ኖሮ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሰማያዊ ነበር፤ ሙቀቱ ከዘይቱ አቅም በላይ ሲሆንም በእርግጥ ሰማያዊ ይሆናሉ። የልባሱ ማጣበቂያ ይቃጠላል፣ ገጹ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ኮኤፊሸንቱ ይወርዳል፣ መንሸራተቱም ይብሳል። ወደ ላይ እየተጓዙ መኪና ለመቅደም ጋዝ ሰጥቶ ሞተሩ ሲጮህ ጎማው ግን እንዳልሰማ ሲሆን፣ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ከመክፈት በፊት

ሽፋኑን ለመክፈት መቸኮል አይገባም። በመጀመሪያ በእርግጥ የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን መሆኑ ይረጋገጥ። ነጻ በሆነና በተስተካከለ መንገድ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በከፍተኛው ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ጋዙን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መክፈት ይበቃል። የሞተሩ ድምፅ ከፍጥነቱ ቀድሞ ከሮጠ ያንሸራትታል። ሙከራው አጭር ይሁን፤ የሚቃጠለው ሸራ የራስ ነውና። ማርሽ ለማስገባት ማስቸገር፣ ፎሌ ማጣት፣ እጀታው ተጨብጦ ሳለ ሞተር ብስክሌቱ ወደ ፊት መጎተት ግን የተቃራኒው ሕመም ምልክቶች ናቸው። ይህ አለመላቀቅ ነው። የሚመጣውም ከላላ ገመድ፣ ከተጣመመ የብረት ሰሌዳ ወይም በውጭው ቤት ስንጥቆች ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ለእንዲህ ያለው ችግር የሸራ መሳሳትን መክሰስ የማይገባውን መክሰስ ነው። ያለቀ ካቴናም ጥርስ ሲዘል የፍሪሲዮን መንሸራተትን ስለሚመስል አስቀድሞ ይታይ።

ቀጥሎ ገመዱ ይመርመር። እጀታው ሲጎተት መጀመሪያ ላይ ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚሄድበት ልል ጉዞ ሊኖረው ይገባል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ በእጀታው ጫፍ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው። ይህ ልልነት ከጠፋ፣ ማንም እጀታውን ሳይነካ ገመዱ ራሱ ፍሪሲዮኑን በከፊል ጨብጦ ይውላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ሸራው በሳሳ ቁጥር የግፊት ሰሌዳው ቦታውን ስለሚለውጥ ልል ጉዞው እያነሰ ይሄዳል። ማለትም መሳሳት ከፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ ይሰርቃል፤ አንድ ጊዜ ሞላውን በማላላት፣ ሁለተኛ ጊዜ ገመዱን በመወጠር። ሁለተኛውን ለመመለስ የገመዱን ማስተካከያ ዳዶ በቁልፍ ማዞር እንጂ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ጋራዥ ሳይሄዱ ቤት ውስጥ የሚድን ፍሪሲዮን ቢኖር ይህ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ ዘይቱ ነው። መኪናና ሞተር ብስክሌት የዘይት ጥያቄያቸው አንድ አይደለም። ለአዳዲስ የቤት መኪኖች የሚዘጋጁ ነዳጅ ቆጣቢ ቀጫጭን ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንሱ ቅመሞች አሉባቸው፤ በመኪናው ውስጥ ፍሪሲዮኑ ከዘይቱ ጋር ስለማይገናኝ ጉዳት የለውም። በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ግን ያው አንድ ዘይት ፒስተኑንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። የጃፓን የአውቶሞቢል መመዘኛ ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ጃሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአራት ምት ሞተር ብስክሌቶች የዘይት መመዘኛ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መመዘኛው ዘይቱ ፍሪሲዮን ውስጥ ሲገባ ሰሌዳዎቹ በመንሸራተት ላይ ሳሉ ያለውን ሰበቃ፣ ከያዙ በኋላ ያለውን ሰበቃና ለመቆም የሚወስድባቸውን ጊዜ ይለካል። ከፍ ያለ ሰበቃ ያላቸው ዘይቶች “ኤም ኤ”፣ ዝቅ ያለ ያላቸው ደግሞ “ኤም ቢ” የሚል ምልክት ያገኛሉ። የኋለኛው በዘይት ያልተነከረ ፍሪሲዮን ላላቸው ስኩተሮች ይስማማል፤ ለእኛ ምሳሌ ሞተር ግን አይሆንም። ዘይት ሲገዙ በጣሳው ጀርባ ላይ ይህን ምልክት መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ያልተገባ ዘይት ተጨምሮ ከሆነ ተገቢው ተተክቶ ለጥቂት ቀናት ይሞከር፤ ሸራዎቹ ካልተቃጠሉ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

ሽፋኑ ሲከፈት

ገመዱም ዘይቱም ደህና ሆነው መንሸራተቱ ከቀጠለ መክፈት ግድ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ይፍሰስ። በፈሰሰው ዘይት ውስጥ ጥቁር ደቃቅ ነገር ቢታይና የተቃጠለ ሽታ ቢኖረው ሸራው አስቀድሞ መመስከሩ ነው። የእግር ማስነሻው ይወልቃል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት የእግር መርገጫውና የፍሬን ፔዳሉም ሊወልቁ ይችላሉ። የፍሪሲዮን ገመዱ ይላቀቃል። የሽፋኑ ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ ስላልሆነ፣ የሽፋኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስሎ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው መሰካት ጥሩ ልማድ ነው። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያጠበቀ ሰው አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል። ሽፋኑ እምቢ ካለ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ እንጂ፣ ካቻቪቴ በመጋጠሚያው ውስጥ ከትቶ መፈልቀቅ አይገባም። በዚያ መጋጠሚያ ላይ የተጫረ አንድ መስመር ከዚያ በኋላ ዘወትር ዘይት ሲያንጠባጥብ ይኖራል።

ከሽፋኑ ሥር አራቱን ሞላዎች የያዙ አራት ብሎኖች ይታያሉ። እነዚህ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዳቸው በጥቂት ዙር እየላሉ ይፈታሉ፤ አንዱ ቀድሞ ከተፈታ የሦስቱ ግፊት ሰሌዳውን ያጣምመዋል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የግፊት ሰሌዳው ከፊት ስለሆነ ሞላዎቹ እንደወጡ ሸራዎቹ ይወጣሉ። በሲጂ 125 ቤተሰብ ግን ሰሌዳው ከኋላ ነው፤ ማዕከሉን በዘንጉ ላይ የያዘው ቀለበት ወይም ዳዶ ካልተፈታ ሸራዎቹ አይወጡም። ሰሌዳዎቹ በወጡበት ተራና በነበሩበት ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርደሩ። በዛሬ ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሆኗል። ከሸራዎቹ አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ቅርጽ ያለው ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ፎቶግራፉ በኋላ ይጠቅማል።

አሁን ፍርድ የሚሰጠው ካሊፐር ነው። የእያንዳንዱ ሸራ ውፍረት በሦስት ወይም በአራት ቦታ ይለካ። በብዙ የ125 ሲሲ ሞተሮች አዲስ ሸራ 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ መጣል ያለበት ወደ 2.6 ሲወርድ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን በአምራቹ መጽሐፍ ያለው ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች መሆኑን ልብ ይሏል። በዓይን ብቻ አይቶ “ይህ አልቋል” ወይም “ይህ ገና ነው” ማለት ለሠለጠነ ዓይንም አስቸጋሪ ነው። ውፍረቱ ደህና ሆኖ ገጹ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሸራው በሙቀት ሞቷል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መመለስ የተለመደ ቢሆንም፣ የወረቀቱ አሸዋ በልባሱ ውስጥ ተቀብሮ ብረቱን ስለሚበላ እኛ አንመክረውም። የብረት ሰሌዳዎቹ በመስተዋት ላይ ተነጥፈው በሥራቸው ክፍተት መኖሩ ይታይ፤ 0.2 ሚሊሜትር የሚያህል መጣመም ብዙ አምራቾች የሚያስቀምጡት ወሰን ነው። በሰፊው ሰማያዊ የሆነ ሰሌዳ ቢቀየር ይሻላል።

ሞላዎቹ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ናቸው። ያለ ጭነት ቆመው ነጻ ርዝመታቸው ይለካና ከመጽሐፉ ወሰን ጋር ይነጻጸር፤ መጽሐፉ ከሌለ ከአዲስ ሞላ ጎን አቁሞ ማየት ብዙ ይናገራል። ከአራቱ አንዱ ቢያጥር እንኳ አራቱም አብረው ይቀየሩ፤ አለዚያ ግፊቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የሞላ ዋጋ ከሸራ ዋጋ ያነሰ ሆኖ ሳለ ሸራ የሚቀይር ሰው ሞላውን አሮጌ መተዉ የሚገርም ቁጠባ ነው። አንዳንድ ጋራዦች ደግሞ በተቃራኒው ሸራውን ትተው ከሞላው ሥር ሮንዴላ ይጨምራሉ። ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት ዘዴው ይሠራል፤ የጠፋውን ግፊት ይመልሳልና። ጉዳቱ ግን ሸራው ሳስቶ ወደ ተሸካሚው ሰሌዳ እስኪደርስ ምንም ምልክት አለመስጠቱ፣ እጀታውም መክበዱ ነው። ሮንዴላው ወፍራም ከሆነ ደግሞ የሞላው ጥምዝ ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ይላል። መለዋወጫ በማይገኝበት ቦታ ለአንድ ጉዞ ያደረሰን መላ እንደ ጥገና መቁጠር አይገባም።

በውጭው ቤት ስንጥቆች ላይ የሸራዎቹ ጆሮ የቆፈረው ጉድጓድ ካለ፣ ጥልቀት የሌለው ከሆነ በሞረድ ቀስ ብሎ ይስተካከል። ጥልቅ ከሆነ ቤቱ ይቀየር፤ አዲስ ሸራ በተቆፈረ ቤት ውስጥ ሲገባ በየጉድጓዱ እየተሰነቀረ በቀላሉ አይላቀቅም።

አዲሶቹ ሸራዎች ከመግባታቸው በፊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይንከሩ። ልባሱ እንደ ወረቀት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው። ደረቁን ከገባ፣ ዘይቱ ወደ ውስጡ ሳይደርስ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብቻ ሊቃጠል ይችላል። ድርድሩ በሸራ ይጀምርና በየተራ ሄዶ በሸራ ያልቃል። በፋብሪካ የተቆረጡ የብረት ሰሌዳዎች አንዱ ጠርዛቸው ስለታም፣ ሌላው ለስላሳ ስለሆነ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይታዩ። የሞላዎቹ ብሎኖች እንደገና በመስቀለኛ ይጠበቁ፣ ግን በልክ፤ 10 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃል። ይህም 20 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ5 ኪሎ ክብደት ጋር እኩል ነው። ብሎኖቹ የሚገቡት በአሉሚኒየም ውስጥ መሆኑ አይዘንጋ። አሮጌው ጓርኒሲዮን በእንጨት ተፍቆ ይነሣ፤ አዲስ ይግባ። ሽፋኑ ተገጥሞ አንድ ሊትር ገደማ ተገቢው ዘይት ከተጨመረና መጠኑ በመለኪያው ዘንግ ከታየ በኋላ፣ የገመዱ ልል ጉዞ ከአዲሱ የሸራ ውፍረት ጋር እንዲስማማ እንደ አዲስ ይስተካከል። በአሮጌው ልክ ከተተወ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም፤ ባለሞተሩም አዲሱ ዕቃ የተበላሸ ይመስለዋል።

ስለ ደጋችን ጥቂት እንጨምር። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያለው አነስተኛ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ ጉልበቱም ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከዚህ ተነሥቶ ደጋ ላይ ፍሪሲዮን ይርፋል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ የሚሸከመው ቶርክ አነስተኛ ነውና። በተግባር ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ጉልበት ያነሰው አሽከርካሪ ከቆመበት ለመነሣት ብዙ ጋዝ እየሰጠ እጀታውን በከፊል ጨብጦ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ሸራ የሚበላው ደግሞ ይህ የመንሸራተት ጊዜ ነው። ዳገት ላይ በፍሬን ሳይሆን በግማሽ ፍሪሲዮን ቆሞ መጠበቅም ሸራውን በከንቱ ያቃጥላል። ሁለት ጣት በእጀታው ላይ አሳርፎ መንዳትም እንዲሁ ነው፤ የጣቶቹ ክብደት ልል ጉዞውን ለመጨረስ ይበቃል።

አዲስ ሸራ የገባለት ሞተር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነትና ረጅም ዳገት ባይበዛበት መልካም ነው። የልባሱ ገጽ ከብረቱ ጋር ሲላመድ ጥቂት ስለሚሳሳ ልል ጉዞው በሳምንት ውስጥ እንደገና ይታይ። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዘይቱ ሲለወጥ በውስጡ ጥቂት ጥቁር ዱቄት ቢገኝ ከመላመዱ የመጣ ነው፤ የብረት ፍርፋሪ ወይም የልባስ ቁራጭ ከተገኘ ግን ሽፋኑ እንደገና ይከፈት።